ጨው የጫነው ጋሪ

በዚያ ዓመት በጥር ወር ማለቂያ፣ የትራፔያንግ ስቫይ ኩሬ ውኃ ከጉልበት በታች በወረደበት ጠዋት፣ በኩሬው ዳር የተገኙት እነዚህ ነበሩ፦ የኅብረቱ ሊቀ መንበር ጓድ ቾርን፣ ጠመንጃውን አንግቦ ከኋላው የማይለየው ጠባቂው ራ፣ ለኅብረቱ አሳማዎች መኖ የምትቀቅለው ኢየም፣ ቀድሞ የመንደሩ መነኩሴ የነበሩትና አሁን ውኃ ቀጂ የተደረጉት አባ ፒች፣ እንዲሁም በእግሩ መቆም የሚችል የመንደሩ ሰው ሁሉ። መቆም ያቃተው በሕመምተኞች ዳስ ተኝቷል። የኢየም ልጅ ሶቫንም እዚያ ነበረች።

ድርጅቱ አገሩን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። ድርጅቱ የሚሉት መንግሥቱን ነው። ፊቱን ያየ የለም፣ የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ለሁሉም ያስባል ይባልለታል። ገንዘብን ሻረ፣ ገበያን ዘጋ፣ መነኮሳትን ልብሳቸውን አስወለቀ፣ ድስቱን ከየቤቱ ለቅሞ ወደ ጋራ ማእድ ቤት አስገባ። ይህን ሁሉ ያደረገው ድሃው ጠግቦ እንዲያድር ነው ተባለ። ድስቱ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር ታጣ። ከማእድ ቤቱ የሚቀዳው የሩዝ ሾርባ ከመቅጠኑ የተነሣ፣ አባ ፒች አንድ ቀን ሳህናቸውን ትክ ብለው አይተው፣ ፍሬውን ለማግኘት ዋና መቻል ያስፈልጋል ብለዋል። ይህን ያሉት ግን ለኢየም ብቻ ነው፤ ቀልድም እንደ ሸርጣን ነበር፣ ከተያዙበት ያስገድላል።

የሸርጣኑ ነገር እውነት ነው። ቴንግ የሚባል ጎረቤታቸው ከሩዝ ማሳው ውስጥ ሸርጣን ለቅሞ፣ ጠብሶ ለልጆቹ አብልቷል ተብሎ ወደ ጫካ ተወሰደ፣ አልተመለሰም። ሸርጣኑ የድርጅቱ ነበርና። በኩሬው ያለው ዓሣም የድርጅቱ ነው። ዓሣ እንዲያጠምድ የተፈቀደለት የዓሣ ቡድን ብቻ ነው፤ የዓሣ ቡድኑ መረብ ደግሞ ወደ ወረዳ ተወስዷል፤ በወረዳ መረቡን ምን እንዳደረጉት የሚጠይቅ አልተገኘም። ስለዚህ ኩሬው ዓሣ ሞልቶት፣ ዳርቻው የራበው ሰው ሞልቶት፣ ሁለቱ ሲተያዩ ከረሙ። ተራ ሰው በራሱ አእምሮ እንዲህ ያለ ነገር አያመጣም። ለዚህ ትልቅ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያስፈልጋል።

ሶቫን ካበጠች ቆይታለች። እግሯን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል፤ ፊቷ ተነፍቶ ዓይኗ ጠፍቷል። የዳሱ አስታማሚ የተባለችው ልጅ ከሩዝ ገለባ ዱቄትና ከማር የተድቦለቦለ ክኒን ታድላለች፤ ሰዉ የጥንቸል በጠጥ ይለዋል። ሶቫንን ምን እንደያዛት ለመናገር ሐኪም አያስፈልግም ነበር። ረሃብ ነው የያዛት። ኢየም ባሏንና ታናሽ እህቷን በዚያው ዳስ ሸኝታለች። የቀረቻት ሶቫን ብቻ ናት፤ እሷም የጠዋቱን ሾርባ ስታይ ፊቷን ማዞር ጀምራለች።

ስለዚህ ኢየም የጠበቀችው የዓሣውን ቀን ነው።

ድሮ በዚህ ወር ውኃው ሲጎድል መንደሩ በሙሉ ኩሬው ውስጥ ይገባ ነበር። ወንዱ ትናንሾቹን ብርማ ዓሦች በቅርጫት ያወጣል፣ ሴቱ ጭንቅላታቸውን ይቆርጣል፣ ከዚያ ቅርፊታቸው እስኪለቅ በእግር ይረግጧቸዋል፣ ጨው አሽተው በእንስራ ይደፍኗቸዋል። ፕራሆክ የሚሆነው ይኼ ነው። አንድ እንስራ ፕራሆክ ያለው ቤት እስከሚቀጥለው ጥር ሩዙን ባዶውን አይበላም። ጭንቅላቱና የሆዱ ስብ ደግሞ የቆራጮቹ ድርሻ ነው። ይህን ደንብ ማንም አላወጣውም፤ ስለዚህ ማንም የሚሽረው አይመስልም ነበር። ኢየም ከአሳማዎቹ ሥራ በተጨማሪ ቆራጭ ልሁን ብላ የለመነችው ለዚህ ነው። ጭንቅላት ተቀቅሎ የሚወጣው መረቅ ልጇን እንደሚያቆማት እርግጠኛ ነበረች።

ሌላም ተስፋ ነበራት። ሊቀ መንበሩን ያሳደገችው እሷ ናት። ቾርን ሲወለድ እናቱ በወሊድ ሞተች፤ ኢየም ሶቫንን ታጠባ ስለነበር አንዱን ጡት ለልጇ ሌላውን ለሱ ሰጥታ ሁለቱን አንድ ላይ አሳደገቻቸው። አድጎም ብዙ የረባ ነገር አልሠራም። ዳክዬ ጠብቅ ሲሉት ተኝቶ ዳክዬው ይጠፋል፤ ሩዝ ትከል ሲሉት ወገቡን ያመዋል። ድርጅቱ በጫካ ሳለ ሄዶ ተቀላቀለ፤ ጠመንጃ ተሰጠው፣ ወገቡም ተሻለው። ሩዝ መትከል የሰለቸው ሰው ተመልሶ መጥቶ በሩዝ ተካዮች ላይ ተሾመ። እንዲህ ያለ ሹመት በዚያ ዘመን ብዙ ነበር።

ከዓሣው ቀን በፊት በነበረው ስብሰባ ቾርን ረጅም ንግግር አደረገ። የወረዳው ጓድ ኬን በዕለቱ መጥቶ የዓሣውን ክምር እንደሚጎበኝ፣ ስለዚህ ዓሣው በዚያ ቀን እንጂ በሌላ ቀን እንደማይወጣ፣ ፕራሆኩም ከአምናው እጥፍ እንደሚሆን ተናገረ። አምና ምንም ስላልተሠራ የምን እጥፍ እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ሁሉም አጨበጨበ። አባ ፒች ከኋላ ተነሥተው፣ እጃቸውን በትሕትና አጣምረው፣ ጨውስ ብለው ጠየቁ።

«ጨው ይመጣል» አለ ቾርን። «ድርጅቱ አስቦበታል። ጨው የለም ብሎ የሚያይ ዓይን የጠላት ዓይን ነው።»

አባ ፒች አመስግነው ተቀመጡ።

ቾርን አላዋቂ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቅር ይባል ነበር። ግን በፕራሆክ ያደገ ሰው ነው። ጨው ያልነካው ዓሣ በዚያ ፀሐይ በማግስቱ ምን እንደሚሆን ውሻ እንኳ ያውቃል። ቾርንም ያውቃል፤ ጓድ ኬንም ያውቃል። ቾርን የሚፈራው ኬንን እንጂ ትሉን አይደለም፤ ኬን የሚፈራው ከበላዩ ያለውን ነው፤ ያም የሚፈራው አለው፤ እንዲህ እንዲህ እየተባለ ላይ ይደረሳል። ላይ ያለው ደግሞ ዓሣን የሚያውቀው በሳህን ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ አገር ሙሉ እያወቀ ያበደ ሥራ ይሠራል።

በዕለቱ ዓሣው ወጣ። መረብ ስላልነበረ ኩሬውን ገድበው፣ ውኃውን በባልዲና በቅርጫት ቀድተው ከጭቃው ጋር እኩል አደረጉት። ድሮ ለዘር የሚተው ጥግ ነበር፤ ቾርን እሱም እንዲጠረግ አዘዘ፤ ጠላት የሚደበቅበት ጥግ መኖር የለበትም አለ። ዓሣው በምንጣፍ ላይ ተከመረ፣ እያብረቀረቀ ይዘላል። የቆመው ሰው በሙሉ ይውጣል፤ ግን ምራቁን ነው። ራ በክምሩ ዙሪያ ጠመንጃውን ይዞ ይዞራል።

ጓድ ኬን በብስክሌት መጣ። በደረት ኪሱ እስክሪብቶ የሰካ፣ ቀይና ነጭ ሻርፑን በሥርዓት የጠመጠመ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም። ክምሩን ዞሮ አይቶ አመሰገነ። ቾርንም ተደፋፍሮ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ጨው መቼ እንደሚላክላቸው ጠየቀ።

ኬን መመሪያው ግልጽ ነው አለ። ጨው የሚሰጠው ፕራሆክ ላስረከበ ኅብረት ነው፤ ባስረከበው ልክ። ሳያስረክቡ ጨው የሚወስዱ ሰነፎች ስለበዙ ነው እንዲህ የተወሰነው።

ቆራጮቹ ቢላቸውን ይዘው ቀሩ። ፕራሆክ ያለ ጨው ከየት ይመጣል የሚለው ነገር በሁሉም አፍ ውስጥ ነበር፤ ከማንም አፍ አልወጣም።

«ገብቶኛል ጓድ» አለ ቾርን።

ኬን ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ቾርን ቁረጡ ብሎ አዘዘና ማንጎ ዛፉ ሥር ሄዶ ተቀመጠ። ኢየም እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተከተለችው። ራ ራቅ ብሎ ያያቸዋል።

«ቾርን ልጄ» አለችው።

«ጓድ ሊቀ መንበር በዪ።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሶቫን ልትሞትብኝ ነው።»

«ድርጅቱ ክኒን ይሰጣታል።»

«ክኒኑን አንተም ታውቀዋለህ። ሥጋውን አልጠየቅሁህም። ጭንቅላቱን ስጠኝ፤ የቆራጭ ድርሻ ነው። ስታድግ የበላኸው ነው።»

«የቆራጭ ድርሻ የሚባለው የድሮው ሥርዓት ነው። ጭንቅላቱም የድርጅቱ ነው።»

«ድርጅቱ በጭንቅላት ምን ያደርጋል?»

ቾርን ወደ ራ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለአንዷ ከሰጠ ነገ ሁሉም እንደሚመጣበት ነገራት። ኢየምም ይምጡ አለችው፤ ይብሉ፤ ጨው እንደሌለህ ሰማሁ፣ ከነገ ወዲያ የሚበላው ትል ነው።

«ለትል ከምትሰጠው ለእህትህ ስጣት። አንድ ጡት ነው የጠባችሁት።»

«ትል በግምገማ አይነሣብኝም» አለ ቾርን። ፊቱ ላይ ምንም እፍረት አልነበረም፤ እንዲያውም ነገሩን በደንብ ያስረዳት መስሎታል። «ሂጂ ጓድ እናት፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ተመልሳ ተቀመጠች። ጭንቅላት ስትቆርጥ ዋለች፣ የቆረጠችው ሁሉ በራ ፊት ወደ አንድ ጉድጓድ ተጣለ። አባ ፒችን በረጋጮቹ ቅርጫት ውስጥ አስገቧቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጉንዳን እንዳይረግጡ መሬት መሬት እያዩ የሄዱ ሰው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው ዓሣ ረገጡ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ራ ምን ትላለህ ብሎ ጮኸባቸው። የሥራ መዝሙር እየተለማመድኩ ነው አሉት።

ሲመሽ ሰዉ ወደ ሾርባው ሲሄድ ቅርጫት እንድታጥብ ኢየም ቀረች። አባ ፒችም ከግድቡ ማዶ የተደፋውን ውኃ ለአሳማዎቹ ሊቀዱ ባልዲያቸውን በትከሻ እንጨት አንጠልጥለው መጡ። ኢየም እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃው ውስጥ ቆማ ሳለ ከእግሯ ሥር አንድ ነገር ተንሸራተተ። ጎንበስ ብላ ዳሰሰች። አምባዛ ነው። ውኃው ሲያልቅበት ጭቃ ውስጥ ገብቶ ተኝቷል። አጠገቡ ሌላ አለ፣ ከዚያም ሌላ። ጓድ ኬን ያደነቀው የሚያብረቀርቀውን ብቻ ነበር፤ ጭቃ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሹም ደግሞ አልነበረም።

ቀና ብላ አባ ፒችን አየቻቸው። እሳቸው ራ ወዳለበት አዩ። ራ ጀርባውን ሰጥቶ የቆረጡትን ክምር ይጠብቃል። ምንም ሳይናገሩ ባልዲያቸውን አጠገቧ አስቀመጡ። እሷ አምባዛውን ከነጭቃው እየዘገነች ከታች ጨመረች፤ እሳቸው ከላይ ውኃ አፈሰሱበት።

በራ አጠገብ ሲያልፉ ውኃው ለምን ደፈረሰ አላቸው።

«ለአሳማ ነው ጓድ። አሳማ እንደኛ ነው፣ አይመርጥም።»

ራ ሳቀ። አባ ፒችም አብረው ሳቁ። በአሳማው በረት ጥግ፣ ኢየም ውኃ የምታጠራቅምበት ትልቅ ጋን ነበር፤ ጭቃውን ከነአምባዛው እዚያ ገለበጡት። አምባዛ እርጥብ ጭቃ ካገኘ ሳምንታት ይቆያል።

«ነፍስ አላጠፋሁም» አሏት ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ። «ቤት ነው ያስቀየርኳቸው። የቀረውን ኃጢአት አንቺ ተሸከሚ።»

«እሸከማለሁ አባ።»

እሳት ነበራት። በመንደሩ በሙሉ የጋራ ማእድ ቤቱና የአሳማው መኖ ብቻ ነበር እሳት የተፈቀደላቸው፤ ለሰው የተከለከለው ለአሳማ አልተከለከለም፤ አሳማው ወደ ላይ የሚላክ ነው። ችግሩ ሽታው ነው። የተራበ ሰው አፍንጫ ከውሻ ይበልጣል፤ ከዚያ በረት የዓሣ ሽታ ቢወጣ ሳይመሽ የሚናገርባት አይጠፋም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አልቀቀለችም። የሶቫንን እግር ስታሽ ቆይታ፣ ጥቂት ታገሺኝ ብላት ተመለሰች።

ያዳናት ድርጅቱ ራሱ ነው።

በማግስቱ የተረገጠው ዓሣ ማበጥ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ዝንቡ ከክምሩ ላይ ሲነሣ ጥላ ይጥል ነበር። እንስራዎቹ ባዷቸውን ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ራ አፍንጫውን በሻርፑ ጠምጥሞ፣ ዓይኑ እያነባ፣ የበሰበሰ ዓሣ ከሕዝብ ይጠብቃል። አንድ ሽማግሌ ተጠግቶ እጁን ሲሰድ በጠመንጃ አፈሙዝ ደረቱን መታው። ሽማግሌው የፈለገው ትሉን አራግፎ መብላት ነበር። ሽታው መንደሩን፣ ማሳውን፣ የሰዉን ልብስ፣ ሾርባውን ሳይቀር ያዘው። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ፊቱን ያዞራል። በዚያ ሽታ ውስጥ አንዲት ሴት አምባዛ ብትቀቅል ማን ያውቃል?

ኢየም በየቀኑ አንድ አምባዛ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በድስቱ ውስጥ ከአሳማው መኖ ሥር ትቀብር ጀመር። መረቁን በኮኮናት ቅል ይዛ፣ ከላይ ቅጠል ጥላበት፣ ወደ ዳሱ ትወስዳለች። ሶቫን መጀመሪያ ቀምሳ አለቀሰች። ሁለተኛው ቀን አላለቀሰችም፤ ቅሉን ላሰችው።

ቾርን ደግሞ መላ አገኘ። ሕዝቡን ሰብስቦ፣ ይህ ዓሣ ፕራሆክ ሳይሆን ማዳበሪያ መሆኑን አስታወቀ። ድርጅቱ ለሩዝ ማሳው ማዳበሪያ ጠይቆ ነበር፤ ትራፔያንግ ስቫይ የዓመቱን የማዳበሪያ ዕቅድ በአንድ ቀን አሟላ። ሰዉ አፍንጫውን የያዘበትን እጅ ለቆ አጨበጨበ። ከዚያ የሚበላውን ነገር በቅርጫት ተሸክሞ ማሳ ላይ ደፋው፣ የደፋውም ሰው ማታ ሾርባውን ጠጣ።

«ቾርን ዓይኑን በጨው ታጥቧል» አሏት አባ ፒች፣ ባዶ ቅርጫታቸውን ይዘው በበረቱ በኩል ሲያልፉ። «ጨውን ከየት እንዳገኘው ነው የገረመኝ።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከወረዳ የፕራሆኩ ጉዳይ የት ደረሰ የሚል ጥያቄ መጣ። ቾርን አልደረሰም ሊል አይችልም፤ አልደረሰም ያሉ ሊቀ መናብርት የት እንደደረሱ ያውቃል። ተሟልቷል ብሎ ላከ። አንድ ዓሣ ሁለት ዕቅድ አሟላ፤ አንድ ሰው ግን አላጠገበም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ፀሐይ በአናት ላይ ሳለች፣ ቾርን አሳማዎቹን ሊጎበኝ ወደ በረቱ ገባ። ራ የበረቱን ሽታ ስለጠላ ውጭ ቀረ። ኢየም መኖውን ታማስላለች። አሳማዎቹን አየ፣ አንድ ሁለት ትእዛዝ ሰጠ፣ ሊወጣ ሲል ጋኑ ውስጥ አንድ ነገር ጭቃውን ጠፍ አደረገው።

ቆመ። ኢየም ማማሰያዋን አላቆመችም። ክዳኑን አንሥቶ አየ። ከዚያ ወደ ድስቱ መጣ። ከመኖው ሥር የወጣውን የቅጠል ጫፍ አየ።

ዳሱ ውስጥ የተቀመጠችው ልጇ ታየቻት። ትናንት ብቻዋን ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር።

«ጠጅ ሣር አድርገሽበታል?» አለ ቾርን።

«አዎ» አለች።

ቅጠሉን በእንጨት ጎትቶ አወጣ፣ ፈታው፣ ቁጢጥ ብሎ በጣቱ መብላት ጀመረ። በዚያው ቀን ምሳውን በቤቱ ዶሮ በልቷል፤ የዶሮው ስብ ከአገጩ አልጠፋም። አጥንቱን መጠጠው፣ ጣቱን ላሰ፣ አፉን በሻርፑ ጠረገ። በልጅነቱም እንዲህ ነበር የሚበላው፣ ቀና ሳይል።

«ይህን ማንም አላየም» አላት ሲነሣ።

«የበላውስ?»

ሻርፑን አስተካክሎ ወጣ። በማግስቱ ግን በዚያው ሰዓት ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላም መጣ። የሶቫን መረቅ ቀጠነ፤ ኢየም ጭንቅላቱንና አጥንቱን ብቻ እየቀቀለች ወሰደችላት። የቆራጭ ድርሻዋን በዚህ መንገድ አገኘች።

የካቲት ሲጋመስ ጋሪው መጣ። በሁለት በሬ የሚጎተት፣ ጆንያ የጫነ ጋሪ ነው። ጓድ ኬን በብስክሌቱ ከፊት፣ ሁለት ታጣቂዎች ከኋላ። ሰዉ ከማሳ ተጠርቶ በኩሬው ዳር ቆመ። አንዱ ጆንያ ቀዳዳ ነበረው፤ ነጭ ነገር መንገድ ለመንገድ ሲያንጠባጥብ መጥቷል። አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችና ቀመሰችው። ጨው ነው።

ኬን በተለመደው ለስላሳ ድምፁ፣ ትራፔያንግ ስቫይ ብዙ ፕራሆክ ስለሠራ ብዙ ጨው እንደተመደበለት ተናገረ። ጨውን አራግፉ፣ ፕራሆኩን ጫኑ አለ። ታጣቂዎቹ ጆንያውን አወረዱ። ቾርን አልተንቀሳቀሰም። ኬን ራሱ ወደ እንስራዎቹ ሄዶ አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ። ከሦስተኛው ውስጥ እንሽላሊት ወጣች።

«የት አለ?»

«ጠላት አበላሽቶታል ጓድ» አለ ቾርን።

«ማን?»

የቾርን ዓይን ሰዉ ላይ ተንከራተተ። ኢየም ላይ ሲደርስ ቆመ። በጋኑ ውስጥ ያለው ለማሳያ ይበቃ ነበር፤ የድርጅቱን ዓሣ የሰረቀች ሴት ይቺውላችሁ ማለት ነበር የቀረው። ኢየምም አየችው። ከዚያ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ አንገቱ ላይ ያለውን ሻርፕ አየች፤ አፉን የሚጠርግበትን ጫፍ። የዓሣው ቅባት ደርቆ ጠቁሯል። ቾርንም እጁ ሳያውቀው ወደዚያው ጫፍ ሄደ።

ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ።

«ረጋጩ ነው» አለ። «መነኩሴው። በእግሩ እየረገጠ በአፉ ይደግምበት ነበር። ራም ሰምቶታል።»

ራ ሰምቻለሁ አለ። አባ ፒች ሳይጠሩ ወጡ፤ ባልዲያቸውን በቀስታ መሬት አስቀመጡ፣ ውኃው እንዳይፈስ።

«ደግሜያለሁ» አሉ። «ለዓሦቹ ነው። ጨው ግን በድግም አይመጣም፤ በጋሪ ነው የሚመጣው። ይኸው መጣ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሊስቅ ብሎ ሳል አስመሰለው። ኬን አልሳቀም። ጨው ዛሬ እንደመጣ፣ ዓሣው በጥር እንደወጣ፣ በራሱ ጋሪ የመጣው ጆንያ በራሱ እግር ሥር እንደተቀመጠ የማያይ ዓይን አልነበረውም። ግን የኬን ሥራ ማየት አይደለም። የኬን ሥራ ይዞ መመለስ ነው፤ ፕራሆክ ካጣ ሰው ይዞ።

ኢየም አፏ ተከፍቶ ነበር። አንድ ቃል ብትል፣ ውኃ ቀጂው ምን አጠፋ ብትል፣ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ በረቱ ይፈተሻል፣ ጋኑ ይገለበጣል፣ ሶቫን ነገ ቅሉን ይዛ የሚመጣላት አታገኝም። አባ ፒች ወደ እሷ አላዩም። ያዩት ወደ ዳሱ ነው። አፏን ዘጋች።

ታጣቂው የሽማግሌውን እጅ በገመድ አሰረ። ቾርን ትንፋሹን ለቀቀ። ኬን ግን ገና አልጨረሰም።

«ተሟልቷል ብሎ የላከው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጓድ፣ ግን መመሪያው ፕራሆክ ካላስረከቡ ጨው አይሰጥም ስለሚል...»

«ግን አያስፈልግም» አለ ኬን፤ ለሌላኛው ታጣቂ በዓይኑ ጠቀሰው።

ጠመንጃውን ከራ እጅ የተቀበለ የለም፤ ራ ራሱ ነው የሊቀ መንበሩን እጅ ጠምዝዞ ያቀረበው። ቾርን መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ ገመዱ ሲጠብቅ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«እማዬ» አለ። ጓድ እናት አላላትም። «እማዬ፣ ንገሪያቸው። ጨው አልነበረም በያቸው።»

ኢየም ማማሰያዋን ከእጇ ሳትጥል ነበር የመጣችው። በሽርጧ ጠረገችው።

«እኔ የማውቀው የአሳማ ነገር ነው ጓድ ሊቀ መንበር» አለችው።

ሁለቱን ጨው በተራገፈበት ጋሪ ላይ ጫኗቸው። አባ ፒች የጨው ብናኝ ያለበት ጣውላ ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ፣ በስብከት ወንበራቸው ላይ እንደሚቀመጡት። በሬዎቹ ዞሩ።

አባ ፒችም ቾርንም አልተመለሱም። ራ ሊቀ መንበር ሆነ። ሶቫን በመጋቢት በእግሯ ቆመች፣ በቆመች በሳምንቷ ወደ ቦይ ቁፋሮ ተላከች። ጨው ለፕራሆክ የተመደበ ስለሆነ ለሌላ ነገር እንዳይነካ ታዘዘ፤ በኩሬው የቀረ ዓሣ ስላልነበረ ጨው በቀድሞው የአባ ፒች ገዳም አዳራሽ ተከምሮ በጠመንጃ ይጠበቅ ነበር። በግንቦት ዝናብ ጣራው አፈሰሰ፣ ጨውም ሟሟ።